ሶኬቱ ሲዘጋ ከርነሉ ለምን ይወድቃል? በሊኑክስ የኔትወርክ ኮድ ውስጥ ሽሚያን ስለ ማረም

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ለአንድ አነስተኛ የመገናኛ ፕሮቶኮል የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሞጁል ጽፈዋል። ሞጁሉ እያንዳንዱን ግንኙነት በአንድ ስትራክት (አብረው በሚቀመጡ መረጃዎች ጥቅል) ይይዛል፤ ስትራክቶቹም በሃሽ ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፓኬት ሲመጣ የመቀበያው ኮድ ስትራክቱን ከሰንጠረዡ ፈልጎ ያገኝና ታይመሩን ያራዝማል። ተጠቃሚው ሶኬቱን ሲዘጋ ደግሞ ኮድዎ ታይመሩን ያጠፋል፣ ስትራክቱን ከሰንጠረዡ ያወጣል፣ በመጨረሻም ሚሞሪውን በ«ኬፍሪ» ይለቃል። ሞጁሉ ሁለትና ሦስት ቀን በሰላም ከሠራ በኋላ ግን የተለቀቀ ሚሞሪ መነካቱን የሚገልጽ ሪፖርት ይወጣና ማሽኑ ይወድቃል። ምክንያቱን ለማየት መልእክት የሚያትሙ የ«ፕሪንትኬ» መስመሮች ሲጨምሩ ችግሩ ጠፋ፤ መቀበያውንና መዝጊያውን በአንድ ስፒን ሎክ (የያዘው እስኪለቅ ሌላው እየተሽከረከረ በሚጠብቀው መቆለፊያ) ሲከልሉ ደግሞ መውደቁ ቀርቶ ማሽኑ ደርቆ መቆም ጀመረ። «ታዲያ ሎኩን የት ላስቀምጥ?» ብለው ጠይቀዋል።

ያሉብዎት ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ ሁለተኛው የመጣው የመጀመሪያውን ለማዳን ከተሰጠው መድኃኒት ነው። ሬስ ኮንዲሽን የሚባለውን ከዚህ በኋላ ሽሚያ እለዋለሁ፤ ሁለት የአፈጻጸም መስመሮች አንድን ነገር ሲሻሙ ውጤቱ በቀዳሚው ማንነት የሚወሰንበት ሁኔታ ስለሆነ ቃሉ የሚስማማው ይመስለኛል። «ሎኩን የት» ከማለትዎ በፊት ግን ሎኩ እንዲጠብቅልዎ የሚፈልጉትን እውነታ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉት እለምንዎታለሁ። ለምሳሌ፦ «ስትራክቱ በሰንጠረዡ ውስጥ ካለ ሚሞሪው ሕያው ነው»፣ ወይም «ግንኙነቱ እንደተዘጋ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ማንም ታይመሩን እንደገና አያስነሳም»። ይህ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ የሚጨመረው ሎክ ሁሉ ግምት ነው፤ ከተጻፈ ግን የሎኩ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይታያል።

ቀላሉን ላስቀድም፤ ማሽኑ ለምን ደርቆ ይቆማል? የኔትወርክ ኮድ በሁለት ዓይነት ሁኔታ ይሠራል። አንደኛው ተጠቃሚው በሲስተም ኮል ገብቶ የሚሠራበት ነው፤ «ሴንድ» ወይም «ክሎዝ» ሲጠራ ማለት ነው፤ ይህ ኮድ መተኛት፣ መጠበቅም ይችላል። ሁለተኛው ሶፍትአይአርኪው የሚባለው ነው፤ ፓኬት ሲደርስና ታይመር ሲተኩስ ከርነሉ በዚያ ኮር ላይ ሲሠራ የነበረውን ሥራ አቋርጦ የሚያስኬደው ኮድ ሲሆን፣ መተኛት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። መዝጊያዎ በተራ «ስፒን_ሎክ» ሎኩን ይዞ ሳለ በዚያው ኮር ላይ ፓኬት ቢደርስ፣ ሶፍትአይአርኪው የመዝጊያውን ሥራ ያቋርጥና ያንኑ ሎክ ለመያዝ መሽከርከር ይጀምራል። ሎኩን የያዘው ኮድ እንዲለቅ ሥራውን መቀጠል አለበት፤ እንዳይቀጥል ደግሞ ያቋረጠው እየጠበቀው ነው። መውጫ የለውም። መፍትሔው በፕሮሰስ በኩል ሎኩን በ«ስፒን_ሎክ_ቢኤች» መያዝ ነው፤ ሎኩ እስኪለቀቅ ድረስ በዚያ ኮር ላይ ሶፍትአይአርኪው እንዳይነሣ ያግዳል።

ይህን ካስተካከሉ በኋላም ግን ሁለተኛ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። ታይመሩን የሚያጠፉት ሎኩን እንደያዙ ነው፤ የሚጠቀሙበት «ታይመር_ዲሊት_ሲንክ» ደግሞ የታይመሩ ፈንክሽን በሌላ ኮር ላይ እየሠራ ከሆነ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ያ ፈንክሽን የእርስዎኑ ሎክ ለመያዝ እየተሽከረከረ ከሆነ ሁለቱም ለዘላለም ይጠባበቃሉ። ከዚህ ጋር አንድ የሆነ ስህተት በኔትወርክ ድራይቨሮች ውስጥ ደጋግሞ ይታያል፦ «አርቲኤንኤል» የሚባለውን ጠቅላላ የኔትወርክ ሎክ ይዞ ያንኑ ሎክ የሚፈልግ የወርክኪው (ከርነሉ ለኋላ የሚያቆያቸው ሥራዎች ወረፋ) ሥራ እስኪያልቅ መጠበቅ። «ሲንክ» የሚል ቃል በስሙ ያለበትን ማንኛውንም ፈንክሽን ከመጥራትዎ በፊት፣ የሚጠብቁት ሥራ የትኞቹን ሎኮች እንደሚፈልግ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መውደቁ እንምጣ። በቅርብ ዓመታት ታሪክ ከጥያቄዎ ጋር እጅግ የሚቀራረብ አንድ ስህተት ስላለ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቨርቹዋል ማሽኖች ከተሸከማቸው ማሽን ጋር የሚነጋገሩበት «ቪሶክ» የተባለ የሶኬት ቤተሰብ አለ። በኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሶኬት ከብዙ ማጓጓዣዎች (መረጃውን ከሚያደርሱ የኮድ ክፍሎች) በአንዱ እንዲሠራ የሚያስችል ለውጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ «ኮኔክት» ሲጠራ የሶኬቱ ማጓጓዣ ሊቀየር፣ የቀድሞው ማጓጓዣ የያዘው ሚሞሪም ሊለቀቅ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ«ሎክ_ሶክ»፣ ማለትም በሶኬቱ በራሱ ሎክ፣ ጥበቃ ሥር ነው። ነገር ግን በአምስት ቦታዎች፣ ከማጓጓዣው ጋር የሚሠሩት ፈንክሽኖች የማጓጓዣውን ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) ወደ ራሳቸው ተለዋዋጭ የሚገለብጡት «ሎክ_ሶክ»ን ከመጥራታቸው በፊት ነበር። ፈንክሽኑ ፖይንተሩን ቀድቶ ሎኩን ለመያዝ ተራ ሲጠብቅ፣ ሎኩን የያዘው ሌላ ትሬድ (የአፈጻጸም መስመር) ማጓጓዣውን ይቀይራል፤ ተራው ሲደርሰው ሎኩን ይይዛል፣ በእጁ ያለው ግን የአሮጌው ዓለም አድራሻ ነው።

ይህን ያገኘው አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ነው፤ ስህተቱም በሕዝባዊው የደኅንነት ስህተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2021-26708 ተብሎ ተመዘገበ። ሲዝኮለር የተባለው የዘፈቀደ መፈተሻ ፕሮግራም አንድ አጠራጣሪ መውደቅ አሳይቶት ነበር፤ ሊደግመው ግን አልቻለም። ስለዚህ ተመራማሪው ኮዱን ቁጭ ብሎ አነበበ፣ የሚደግመውንም ፕሮግራም በእጁ ጻፈ። ሽሚያው የሚያስችለው በተለቀቀ ሚሞሪ ላይ አራት ባይት መጻፍ ብቻ ነበር፤ በዚያች አራት ባይት ተነሥቶ በፌዶራ 33 ሰርቨር ላይ ተራ ተጠቃሚ የሥርዓቱ ባለሙሉ ሥልጣን እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ማረሚያው ግን ፖይንተሩ የሚቀዳበትን መስመር ከሎኩ በላይ ወደ ሎኩ በታች ማውረድ ነበር። አዲስ ሎክ አልተጨመረም፣ ነባሩም አልተስፋፋም። ሎኩ ቀድሞውኑ በቦታው ነበር፤ የጎደለው ንባቡ በሎኩ ውስጥ መሆኑ ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት በእርስዎ ኮድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ስለማይ ነው። የመቀበያው ኮድ ስትራክቱን ከሰንጠረዡ የሚያገኘው ሎኩን ከመያዙ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ሎኩ ያለው በስትራክቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍለጋው አልቆ ሎኩ እስኪያዝ ባለው ክፍተት ውስጥ መዝጊያው ስትራክቱን አውጥቶ ሊለቀው ይችላል፤ የመቀበያው ኮድም የሚይዘው ሎክ ራሱ የተለቀቀ ሚሞሪ ይሆናል። አንድ ነገር ውስጥ ያለ ሎክ የዚያን ነገር ዕድሜ ሊጠብቅ አይችልም። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ቤቱ እንዳይፈርስ እንደማያደርግ ሁሉ ማለት ነው። ዕድሜን የሚጠብቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሊኑክስ ለዚህ ያለው ሁለት ነገር ነው፦ አርሲዩ እና የሪፈረንስ ቆጠራ (ነገሩን ስንት ወገን እንደያዘው የሚቆጥር ቁጥር)።

አርሲዩ በከርነሉ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዋና ሐሳቡ ይህ ነው። አንባቢዎች ምንም ሎክ ሳይዙ ያነባሉ፤ የሚያፈርሰው ወገን ግን ነገሩን መጀመሪያ ከሰንጠረዡ ያወጣዋል፣ ከዚያም ቀደም ብለው ማንበብ የጀመሩት ሁሉ እስኪወጡ ይጠብቃል፣ ሚሞሪውን የሚለቀውም ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ በ«ኬፍሪ» ፈንታ «ኬፍሪ_አርሲዩ» ቢጠቀሙ ይህን መጠበቅ ከርነሉ ራሱ ያደርግልዎታል። በመቀበያው በኩል ስትራክቱን ከአርሲዩ ንባብ ክልል ውጭ ይዘው መሄድ ካለብዎት፣ ለምሳሌ ሥራውን ለወርክኪው ካስተላለፉት፣ ሪፈረንስ መጨመር አለብዎት። ይህም በ«ሪፍካውንት_ኢንክ_ኖት_ዜሮ» ይሁን፤ ቆጠራው ዜሮ ከደረሰ ነገሩ ሞቷልና ያንን ማስነሣት አይፈቀድም። «መጀመሪያ ዜሮ መሆኑን ልይ፣ ካልሆነ ልጨምር» ብለው በሁለት እርምጃ ከሠሩት በሁለቱ መካከል አዲስ ሽሚያ ይፈጥራሉ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ብዙ ጎበዝ ሰዎች የሚሰናከሉበት ነው። የቲሲፒ ሶኬቶች የሚመደቡበት የሚሞሪ ጎተራ የተለቀቀውን ሶኬት የአርሲዩን መጠበቂያ ጊዜ ሳይታገስ ለሌላ ሶኬት ሊሰጠው ይችላል፤ ዋስትናው ሚሞሪው የሶኬት ሚሞሪ ሆኖ እንደሚቆይ ብቻ ነው። ስለዚህ በፍለጋ ያገኘው ሰው ሪፈረንስ ከጨመረ በኋላ አድራሻውንና ፖርቱን እንደገና ማመሳከር ግድ ይሆንበታል፤ በመካከሉ ያ ሚሞሪ የሌላ ግንኙነት ሆኖ ሊሆን ይችላልና። ከቲሲፒ የፍለጋ ኮድ ላይ ገልብጠው ከሆነ ያንን ሁለተኛ ማመሳከሪያ ትርፍ መስሎዎት እንዳይሰርዙት። ለእርስዎ ስትራክት ግን ይህን ውስብስብነት አልመክርም፤ በ«ኬፍሪ_አርሲዩ» የሚለቀቅ ተራ ምደባ ይበቃዎታል።

አሁን የመዝጊያዎን ቅደም ተከተል እንመልከት፤ እዚያ ውስጥ ሎክ ብቻ የማያድነው ስህተት አለ። ታይመሩን መጀመሪያ ያጠፋሉ፣ ቀጥሎ ከሰንጠረዡ ያወጣሉ። በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ፓኬት ቢደርስ ስትራክቱ ገና በሰንጠረዡ ስላለ ይገኛል፣ የመቀበያው ኮድም ታይመሩን ያራዝማል፤ ያራዘመው ግን አሁን የጠፋውን ታይመር ስለሆነ እንደገና ያስነሣዋል። ከዚያ ስትራክቱ ይወጣል፣ ይለቀቃል፤ ታይመሩም ከሰከንዶች በኋላ በሌለ ሚሞሪ ላይ ይተኩሳል። የላኩት ሪፖርት መውደቁን በታይመር ኮድ ውስጥ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አምናለሁ። ክፍተቱ ከአንድ ማይክሮሰከንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ መከሰቱ አያስደንቅም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሞትን አስቀድሞ ማወጅ ነው። በሎኩ ውስጥ ሆነው «ተዘግቷል» የሚለውን ምልክት ያስቀምጡ፣ ስትራክቱንም ከሰንጠረዡ ያውጡ፤ አዲስ ሰው እንዳያገኘው ማለት ነው። ሎኩን ይልቀቁ። ከሎኩ ውጭ ሆነው ታይመሩን በ«ታይመር_ሻትዳውን_ሲንክ» ያጥፉት፤ ይህ በሊኑክስ 6.2 የገባ ፈንክሽን ሲሆን ታይመሩ ዳግም እንዳይነሣ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ሊያስነሣው የሚሞክር ጥሪ ሁሉ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ የራስዎን ሪፈረንስ ይቀንሱ፤ ቆጠራውን ዜሮ ያደረሰው በ«ኬፍሪ_አርሲዩ» ይለቃል። የመቀበያው ኮድ ደግሞ ሎኩን ከያዘ በኋላ ምልክቱን ይመልከት፤ ተዘግቷል የሚል ካገኘ ፓኬቱን ጥሎ ይውጣ። ምልክቱ ከሎኩ በፊት ከተነበበ ግን ያው የቪሶክ ስህተት ተደገመ ማለት ነው።

የቲሲፒ ኮድ ይህን በሌላ መንገድ ይፈታዋል፣ እኔም አሠራሩን እወደዋለሁ። ታይመር ሲነሣ ቀድሞ ያልተነሣ ከሆነ ራሱ በሶኬቱ ላይ ሪፈረንስ ይይዛል፤ ሲተኩስ ወይም ሲሰረዝ ያንን ሪፈረንስ ይመልሳል። ታይመር እስካለ ድረስ ሶኬቱ ሊለቀቅ አይችልምና የሚጠብቀው «ሲንክ» አያስፈልገውም። የባለቤትነት ጥያቄ በግልጽ የተመለሰበት ኮድ ነው፦ ማን ነው የያዘው ቢባል ታይመሩም አንዱ ያዥ ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱ ግን ጥንቃቄዎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙር፤ አንድ ሪፈረንስ ሳይመለስ ከቀረ ነገሩ ፈጽሞ አይለቀቅም፣ በኔትወርክ መሣሪያ ላይ ከሆነም መሣሪያው ነጻ እስኪሆን እየጠበቀ ነው የሚለውን የታወቀ መልእክት ከርነሉ እየደጋገመ ሲያትም ያያሉ።

ሶኬትዎን በተመለከተ የራስዎን ስፒን ሎክ ከመፍጠርዎ በፊት የሶኬቱን የራሱን ሎክ ያስቡበት። «ሎክ_ሶክ» በውስጡ አንድ ስፒን ሎክና «በተጠቃሚ ተይዟል» የሚል ምልክት አለው። በሲስተም ኮል የገባው ስፒን ሎኩን ለአፍታ ይዞ ምልክቱን ያኖራል፣ ከዚያ ስፒን ሎኩን ይለቃል፤ ስለዚህ ሶኬቱን እንደያዘ መተኛት ይችላል። ሶፍትአይአርኪው በ«ቢኤች_ሎክ_ሶክ» ገብቶ ምልክቱን ካገኘ አይጠብቅም፤ ፓኬቱን በባክሎግ ወረፋ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ወረፋውን የሚያስተናግደው ሶኬቱን የያዘው ሰው በ«ሪሊዝ_ሶክ» ሲለቅ ነው። አንዱ መተኛት የሚችል፣ ሌላው የማይችል ሁለት ወገኖች እንዴት አንድ ነገር ሊጋሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ድንቅ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን በሶፍትአይአርኪው በኩል ምልክቱን ማየት የእርስዎ ግዴታ ነው። ስፒን ሎኩን መያዝ ብቻውን ሶኬቱን የያዙት አያደርግዎትም።

«ምልክቱን አይቼ ከዚያ ልቀይር» የሚለው ቅርጽ በሌላ መልኩም ይመጣልና አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፓኬቶችን በቀጥታ ለማንበብ በሚያገለግለው የ«ኤኤፍ_ፓኬት» ሶኬት ውስጥ በ2011 የገባ ኮድ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ሽሚያ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ ፊሊፕ ፔተርሰን አገኘው፣ ሲቪኢ-2016-8655 ተባለ። የሪንጉን (ፓኬቶቹ በዙር የሚቀመጡበትን ሚሞሪ) ቅጂ (ቨርዥን) ቁጥር መቀየር የሚፈቀደው ሪንጉ ገና ካልተዘጋጀ ብቻ ነው፤ ይህም ይመረመር ነበር። ነገር ግን ምርመራውና ለውጡ ሪንጉን ከሚያዘጋጀው ኮድ ጋር በአንድ ሎክ አልታሰሩም። ስለዚህ አንዱ ትሬድ ሪንጉን በሦስተኛው ቅጂ እያዘጋጀ ታይመር ሲያስነሣ፣ ሌላው «ሪንግ የለም» ብሎ ቅጂውን ወደ አንደኛው ይመልሰዋል። ሲዘጋ ኮዱ ቅጂውን ያያል፣ አንደኛው ቅጂ ታይመር የለውምና ሳያጠፋ ሚሞሪውን ይለቃል። እንደ እርስዎው ታይመሩ በሌለ ሚሞሪ ላይ ይተኩሳል። ማረሚያው ሁለቱንም በ«ሎክ_ሶክ» ማሰር ነበር።

«ሪድ_ዋንስ» እና «ራይት_ዋንስ» ይበቁኝ ይሆን ብለው በመጨረሻ ጠቅሰዋል። አይበቁም። እነዚህ ኮምፓይለሩ አንዱን ንባብ እንዳይሰነጥቀው፣ እንዳይደግመው ያደርጋሉ፤ በንባቡና ቀጥሎ በሚሠሩት ሥራ መካከል ግን ምንም አይከለክሉም። አንድ ቁጥር ብቻ ለሚነበብበት፣ አሮጌው ዋጋ ቢነበብም ጉዳት ለሌለበት ቦታ ጥሩ ናቸው፤ በ2022 በአይፒቪ4 ማስተካከያ ቁጥሮች ላይ በብዛት የተጨመሩት ለዚሁ ነው። ሪፖርቱን ዝም ለማሰኘት ብለው ከተጠቀሙባቸው ግን ስህተቱን ከመሣሪያዎቹ ዓይን ይሸሽጉታል።

ስለ ማረጋገጫ። «ፕሪንትኬ» ሲጨመር ችግሩ መጥፋቱ ጊዜውን ስለሚያዛባ ነው፤ መዳን አይደለም። ክፍተቱን በተቃራኒው ያስፉት፦ በአሮጌው ኮድ ላይ፣ በታይመሩ ማጥፊያና ከሰንጠረዡ በማውጫው መካከል ጥቂት ሚሊሰከንድ የሚያቆይ መዘግየት ያስገቡ፣ በሌላ ትሬድ ፓኬት ያጉርፉ። ግምቴ ትክክል ከሆነ በቀናት የሚመጣው በሰከንዶች ይመጣል። ይህን ሳያዩ ማረሚያውን አይጻፉ። ቀደም ባለ ዘመን እኔ ራሴ መውደቁ ስለቆመ ብቻ አረምኩት ብዬ ያስረከብኩት ኮድ ከወራት በኋላ ኮር በበዛበት ማሽን ላይ ተመልሶ ወድቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሊደገም ያልቻለን ሽሚያ ታርሟል ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ከርነሉን ስህተት በሚፈልጉት የከርነሉ መሣሪያዎች፣ በካሳን፣ በሎክዴፕ እና፣ በተለየ ግንባታ፣ በኬሲሳን ያስኬዱት። ካሳን የተለቀቀው ሚሞሪ የት እንደተመደበ፣ የት እንደተለቀቀ፣ የት እንደተነካ ሦስቱንም ይነግርዎታል። ሎክዴፕ ከላይ ያየነውን የተራ ስፒን ሎክ ዓይነት ስህተት ገና ማሽኑ ሳይደርቅ፣ ሁለቱ አያያዞች አንዴ በተለያየ ጊዜ ከታዩ ብቻ ይይዘዋል። ኬሲሳን በ2020 በሊኑክስ 5.8 የገባ ነው፤ የተወሰኑ ንባቦችንና ጽሕፈቶችን መርጦ ያን ትሬድ ያዘገየዋል፣ በሲስተም ኮል ሲሆን በነባሪው 80 ማይክሮሰከንድ፣ በኢንተራፕት ሲሆን 20፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ኮር ያንኑ ቦታ ከነካ ሁለቱንም ይዘረዝራል። እርስዎ በእጅዎ የሚያስገቡትን መዘግየት እርሱ በየቦታው ያስገባል ማለት ነው።

ማረሚያውን ሲጽፉ በፓቹ መግለጫ ላይ ሁለቱን ኮሮች በሁለት ዓምድ አስቀምጠው፣ የትኛው መስመር ከየትኛው በኋላ እንደሚፈጸም ከላይ ወደ ታች ያሳዩ፤ የሊኑክስ ኔትወርክ ጠባቂዎችም ይህን ለምደዋል፣ «ፊክስስ» በሚለው መስመር ስህተቱን ያስገባው ለውጥ እንዲጠቀስም ይጠይቃሉ። ሁለቱን ዓምዶች መሙላት ካልቻሉ ስህተቱን ገና አላገኙትም፤ ተመልሰው የመዘግየቱን ሙከራ በመቀበያው ፍለጋና በሎኩ መካከል ይድገሙት፣ ሁለተኛው ክፍተትዎ ያለው እዚያ ነው።